ቆላና ደጋ በአንድ ጣሪያ ሥር

ቤትን በዞን ከፍሎ ማሞቅና ማቀዝቀዝ፦ ወጪው የሚወሰነው ከልስን በፊት ነው

በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ቤት የሚያሻሽጡና የሚያከራዩ ደላሎች ዋጋ ከሚያስጨምሩባቸው አባባሎች አንዱ «ሙሉ ኤሲ የተገጠመለት» የሚለው ነው። ገዢም ሆነ ተከራይ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ነጫጭ ሳጥኖች ቆጥሮ ይረካል። ሆኖም እኩል ሳጥን የተሰቀለባቸው ሁለት ቤቶች በወር የሚከፍሉት የመብራት ሒሳብ በእጥፍ ሊለያይ ይችላል። በአንደኛው ቤት ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ ኮቱን ይደርባል፣ ፎቅ የተኛው ልጅ ደግሞ አንሶላውን ገፎ ያድራል። በሌላው ቤት እያንዳንዱ ክፍል በሚፈለገው ሰዓት የሚበቃውን ያህል ያገኛል። ልዩነቱን የሚያመጣው የዕቃው ስም ወይም የተሠራበት አገር አይደለም። ቤቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ በዞን መከፈሉና አለመከፈሉ ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የኪስም ነው። የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው መናሩ ይታወቃል። ማሽኑም፣ የመዳብ ቱቦውም፣ ጋዙም በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማስተካከያም ደረጃ በደረጃ ለአራት ዓመታት እንዲዘልቅ ሆኖ የወጣ ነው። ስለሆነም በስህተት የተገጠመ ማሽን ባለቤቱን አንድ ጊዜ ሲገዛ፣ ከዚያም በየወሩ ያስከፍላል።

ዞን ሲባል

ዞን ማለት የራሱ ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ቴርሞስታት ያለውና ከሌላው የቤቱ ክፍል ተለይቶ ሊበርድ፣ ሊሞቅ ወይም ሊዘጋ የሚችል የቤት ክፍል ነው። አንድ መኝታ ቤት ብቻውን ዞን ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሰዓት የሚያገለግሉና አንድ ዓይነት ፀሐይ የሚያገኙ ሦስት ክፍሎችም ተጣምረው አንድ ዞን ሊሆኑ ይችላሉ። አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብሎ ከፍሎ ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥም ቆላና ደጋ አለ። ወደ ምዕራብ የዞረ ባለ ሰፊ መስታወት ሳሎን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቆላ ነው፤ በዚያው ሰዓት ከደረጃው ጀርባ ያለው መኝታ ቤት ደጋ ሆኖ ይቆያል።

አከፋፈሉ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል። እነዚህም ፀሐይ፣ ሰዓትና የሰው ብዛት ናቸው። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፀሐይ ነው። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጡ መጻሕፍት ሰሜን ፊት ክፍልን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ ደቡብ ፊቱን ሁልጊዜ ሞቃት አድርገው ይቆጥራሉ። አዲስ አበባም ሆነች ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኙ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በበጋ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ዓመቱን በሙሉ የሚያስቸግሩት ምሥራቅና ምዕራብ የዞሩ መስኮቶች ናቸው። በእነዚህ በኩል ያለን ክፍል በሌላ አቅጣጫ ካለ ክፍል ጋር በአንድ ዞን ማሰር ክርክር መግዛት ነው።

ሁለት መንገዶች፣ ሦስተኛም አለ

የመጀመሪያው መንገድ በአሜሪካ ቤቶች የተለመደው ነው። በምድር ቤት ወይም በጣሪያ ሥር የተቀመጠ አንድ ማሽን ያዘጋጀውን አየር በቆርቆሮ ቦይ፣ ባለሙያዎቹ ዳክት በሚሉት፣ ወደየክፍሉ ይልካል። ቤቱ በዞን ሲከፈል በየቦዩ ውስጥ በሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ በር፣ ማለትም ዳምፐር ይገባል፤ በየዞኑ ቴርሞስታት ይሰቀላል፤ ሁሉንም አንድ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ያስተባብራቸዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን በሚገባ ያውቁታል። እዚህ ቤት ሲያስገነቡም «ሴንትራል ይሁንልኝ» የሚል ትእዛዝ ቢሰጡ አያስገርምም።

የዚህ አሠራር ድክመት ነፋሱ ነው። ማሽኑ ለመላው ቤት የሚበቃ አየር እየገፋ ሳለ ከሦስት ዞኖች ሁለቱ ሲዘጉ ያ ሁሉ አየር በአንድ ቦይ ለመውጣት ይጋፋል። ቦዩ ያፏጫል፤ በማሽኑ ውስጥ የሚያልፈው አየር ስለሚያንስ የማቀዝቀዣው ጥቅል ቱቦ በረዶ ይይዛል። አንዳንድ ገጣሚዎች ትርፉን አየር ወደ ማሽኑ የሚመልስ መተላለፊያ ያስገባሉ። ድምፁ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተከፈለበት ቅዝቃዜ ተመልሶ ማሽኑን ያቀዘቅዛል። የተሻለው መፍትሔ ፍጥነቱ የሚቀንስና የሚጨምር ማራገቢያ ያለውን ማሽን መምረጥና ማንኛውንም ዞን ከልክ በላይ ትንሽ አለማድረግ ነው።

በአገራችን ሌላም እንቅፋት አለ። የአሜሪካው ቤት በእንጨት የተዋቀረ ስለሆነ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ቦይ የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። የእኛ ቤት ብሎኬትና ኮንክሪት ነው። 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቦይ በኮርኒስ ሥር ሲያልፍ የክፍሉን ከፍታ ይበላል፤ ቢም ሲያጋጥመው ደግሞ ማለፊያ ያጣል። ሰፊ ኮሪደርና ከፍ ያለ የጂፕሰም ኮርኒስ ላለው ትልቅ ቪላ ካልሆነ በስተቀር ይህ መንገድ ለአዲስ አበባ ቤት አይመከርም።

ሁለተኛው መንገድ ጃፓን ሠራሽ ነው። ዳይኪን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ቪአርቪ ብሎ ለገበያ ያቀረበው አሠራር በቦይ አየር ከመላክ ይልቅ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ጋዙን ራሱን ወደየክፍሉ ይልካል። ስሙ የኩባንያው የንግድ ምልክት ስለሆነ ሌሎች አምራቾች ተመሳሳዩን ቪአርኤፍ ይሉታል። ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው ታናሽ ወንድሙ መልቲ ስፕሊት ይባላል፤ አንድ የውጪ ማሽን ከሁለት እስከ አምስት የውስጥ ማሽኖችን ያንቀሳቅሳል። የጣት ያህል የሚወፍር ቱቦ በብሎኬት ውስጥ ማሳለፍ ለማንም ግንበኛ አይከብድም። የውጪው ማሽን ኮምፕረሰር ኢንቨርተር ስላለው የጠያቂው ክፍል ቁጥር ሲቀንስ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሦስተኛው መንገድ በሻጮች አንደበት ብዙም አይወደስም፤ በየክፍሉ ለየብቻው የሚቆም ተራ ስፕሊት ነው። እያንዳንዱ የራሱ የውጪ ማሽን ያለው ኤሲ ራሱን የቻለ ዞን መሆኑ ይዘነጋል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል፤ መለዋወጫው በየሱቁ አለ፤ የሚጠግነውም ሰው አይጠፋም። ጉዳቱ የቤቱ ጀርባ የማሽን መደርደሪያ መምሰሉና አቅምን ከክፍል ወደ ክፍል ማዛወር አለመቻሉ ነው። ባለው የጥገና አቅም ሲመዘን እስከ ሦስት ክፍል ለሚቀዘቅዝ ቤት ተራው ስፕሊት ያዋጣል፤ ከአራት ክፍል በላይ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

የማሽን አቅም በገበያው የሚነገረው በቢቲዩ ነው። 12,000 ቢቲዩ በሰዓት አንድ ቶን ይባላል፤ ይኸውም 3.5 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም ነው። ቶን የተባለው የማሽኑ ክብደት ሆኖ አይደለም። በረዶ እየተሸጠ ቤት ይቀዘቅዝ በነበረበት ዘመን አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ነው። ሱቆች በካሬ ሜትር እየለኩ ይሸጣሉ። ይህ ለመነሻ ያህል ይሆናል፤ የመስታወቱን ስፋት፣ የፀሐዩን አቅጣጫና በላዩ ያለው ፎቅ ይሁን ቆርቆሮ ግን አይለይም።

በአዳማ የሚገኝ አንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። ወደ ምዕራብ የዞረው ሳሎን 18,000 ቢቲዩ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ሦስት መኝታ ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 9,000 ቢቲዩ ይፈልጋሉ እንበል። ድምሩ 45,000 ይሆናል። በተራ ስፕሊት ቢሠራ ይህ ሁሉ አቅም መገዛት አለበት። ነገር ግን ቤተሰቡ ቀን ሳሎን ነው፤ ሌሊት መኝታ ቤት ነው። ከቀትር በኋላ ሳሎንና አንድ የልጅ ክፍል ቢበሩ 27,000 ነው፤ ሌሊት ሦስቱ መኝታ ቤቶች ቢበሩም 27,000 ነው። አንዱ ዞን ያረፈበትን አቅም ሌላው ይወስደዋል፤ የዞን ትርፍ የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ 28,000 ወይም 30,000 ያለው የውጪ ማሽን አይበቃም? በአቅም ይበቃል፤ በአምራቹ ሕግ ግን አይፈቀድም። የውስጥ ማሽኖች ድምር ከውጪው ማሽን አቅም በተወሰነ መጠን እንዳይበልጥ አምራቾች ይገድባሉ፤ በቪአርኤፍ በኩል የተለመደው ጣሪያ 130 በመቶ ነው። 45,000 ለ30,000 ሲካፈል 150 በመቶ ይመጣል። ለ36,000 ሲካፈል ግን 125 በመቶ ስለሚሆን የሚመረጠው 36,000ው ነው። ገዢው ማሽኑን ከማዘዙ በፊት የዚያን ሞዴል የማጣመሪያ ሰንጠረዥ ከአስመጪው መጠየቅ ይገባዋል።

በተቃራኒው ዳርም ገደብ አለ። ኢንቨርተር ቢሆንም ኮምፕረሰሩ ከአንድ ደረጃ በታች ሊቀንስ አይችልም። ትልቅ የውጪ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ለአንዲት ትንሽ ክፍል ብቻ ሲሠራ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፤ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። እያንዳንዷን ጓዳ ዞን ማድረግ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንምጣ። 36,000 ቢቲዩ 10.5 ኪሎዋት ያህል የማቀዝቀዝ አቅም ነው፤ ደህና ማሽን ለዚህ 3.3 ኪሎዋት ያህል ኤሌክትሪክ ይወስዳል። አራቱም ክፍሎች በቀን 6 ሰዓት በሙሉ ኃይል ቢሠሩ 20 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 600 ይሆናል። ሳሎኑ 4 ሰዓት፣ ሁለት መኝታ ቤቶች ደግሞ ሌሊት 3 ሰዓት ቢሠሩ ግን በወር 350 ገደማ ይመጣል። ኢንቨርተሩ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ሁለቱም ቁጥሮች በተግባር ያንሳሉ፤ ልዩነታቸው ግን አይጠፋም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ብዙ የተጠቀመ በኪሎዋት ሰዓት የበለጠ እንዲከፍል ሆኖ በእርከን የተሠራ ሲሆን የመጨረሻው እርከን ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። የመጀመሪያው አጠቃቀም ምጣዱና ፍሪጁ ሳይቆጠሩ ብቻውን ከዚያ እርከን ይገባል። ሁለተኛው ለእነርሱ 150 ያህል ይተርፍላቸዋል።

ምጣድ ከተነሳ አይቀር፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ፣ 2 ኪሎዋት የሚወስድ ቦይለርና ኤሲው በአንድ ጊዜ ቢበሩ 8.8 ኪሎዋት፣ በ220 ቮልት 40 አምፔር ማለት ነው። ብዙ አሮጌ መስመሮች ይህን አይችሉም። ለውጪው ማሽን የራሱ ገመድና የራሱ ብሬከር ከዋናው ሰሌዳ መምጣት አለበት፤ ከቦይለሩ ሶኬት መቀጠል እሳት መጋበዝ ነው።

ዱባይና ጅዳ አንድ አይደሉም

አስመጪዎችንና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ዕቃ ይዘው የሚገቡ ነጋዴዎችን የሚመለከት ጉዳይ እዚህ ላይ አለ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ እንደ ኢትዮጵያ 50 ሄርዝ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ግን 60 ሄርዝ ነው። በጅዳ ገበያ የተገዛ፣ ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ኢንቨርተር የሌለው ማሽን እዚህ ሲሰካ ኮምፕረሰሩ ስድስት ይዞር የነበረው አምስት ይዞራል፤ አቅሙ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይሞቃል። ይህ ሁሉ ማሽኑ ጎን ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል። የሚያነበው ነጋዴ ጥቂት ነው።

ከዚያው ገበያ የሚመጣ ሌላው ዕቃ ማቀዝቀዝ እንጂ ማሞቅ የማይችል ነው። ለባሕረ ሰላጤው ሰው ማሞቂያው ትርፍ ወጪ ነው። በአዲስ አበባ ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በደንብ ጥላ የተበጀለት ቤት ማቀዝቀዣ ባያስፈልገውም ማሞቂያ ሊያስፈልገው ይችላል። ጋዙን አገላብጦ የሚያሞቅ ኤሲ በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ከውጭ አየር ሰብስቦ ያስገባል። በሽቦ የሚሞቀው ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ በአንድ ኪሎዋት ከአንድ በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ለመዲናይቱ ቤት «ሙቅና ቀዝቃዛ» ያልሆነ ኤሲ መግዛት ግማሽ ዕቃ መግዛት ነው።

ለሰመራ፣ ለጋምቤላና ለድሬዳዋ የሚታየው ሌላ ነው። ማሽኖች በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሚሠሩበት የአየር ጠባይ ይመደባሉ። ቲ1 የተባለው ለመካከለኛ አየር፣ ቲ3 የተባለው ለሞቃት አየር ነው። ቲ1 አቅሙ የሚለካው የውጭው አየር 35 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ቲ3 በ46 ዲግሪ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ፣ ነፋስ በማያገኝ ጥግ የተሰቀለ የውጪ ማሽን ከከተማው ሙቀት በላይ የሚሞቅ አየር ስለሚስብ ቆላ ላይ ቲ1 ማሽን በሚፈለግበት ሰዓት ያቅተዋል።

ከፍታም ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ይዞራል፤ የሚገፋው አየር ግን ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው 12,000 ቢቲዩ በባሕር ወለል የተለካ ነው። አምራቾች ለከፍታ የሚያገለግል የማስተካከያ ሰንጠረዥ አላቸው፤ ከአስመጪው ሊጠየቅ ይገባል። በከፍታ አንጻር ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር፣ አዳማ በ1,700 ሜትር አካባቢ ስለሚገኙ ቅነሳው ይለዝባል።

ያገለገለ ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች ደግሞ የጋዙን ዓይነት ማየት ይኖርባቸዋል። አር-22 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው። በታዳጊ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ ለጥገና ከሚቀረው ጥቂት መጠን በስተቀር አይቀርብም። ዛሬ በርካሽ የተገዛ ባለ አር-22 ማሽን ነገ ጋዝ ሲያጣ የሚሞላው አይገኝም።

ግንበኛው ሳይለስን

ቤቱ ብሎኬት ላይ እንዳለ ቱቦ ማሳለፍ የአንድ ቀን መሮ ሥራ ነው። ልስኑ፣ ቀለሙና ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ግን ወይ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ወይ ቱቦው በፕላስቲክ ሽፋን ሳሎኑን ዞሮ ያልፋል። ስለዚህ አሁን ማሽን የመግዛት አቅም የሌለው ባለሀብት እንኳ መንገዱን ቢያስቀር ያተርፋል። የሚያስፈልገው ከየክፍሉ እስከ ውጪው ማሽን ቦታ የመዳብ ቱቦ ማለፊያ፣ የመቆጣጠሪያ ገመድ ማለፊያና የውሃ ማፍሰሻ ነው።

ብዙ ቤት የሚያበላሸው የመጨረሻው ነው። ኤሲ ከአየር ውስጥ ውሃ ያወጣል፤ ያ ውሃ በራሱ ክብደት መፍሰስ አለበት። በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት የሌለው ማፍሰሻ መጀመሪያ ያንጠባጥባል፣ ቀጥሎ ቀለሙን ያቆሽሻል፣ ከዚያ ብሎኬቱን ያበሰብሳል። ጫፉን ከመጸዳጃ መስመር ጋር ያለ ውሃ መቆለፊያ ማገናኘትም ሽታውን ወደ መኝታ ቤት መጥራት ነው።

ገጠማው ላይ ባለቤቱ ሊቆጣጠረው የሚችለው አንድ ነጥብ ቫኪዩሙ ነው። ቱቦው ከተገጠመ በኋላ በናይትሮጅን ግፊት ተሞልቶ አለማፍሰሱ ይታያል። ቀጥሎ በውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል። የቸኮሉ ገጣሚዎች በፓምፕ ፈንታ ትንሽ ጋዝ ለቀው አየሩን «ይነፉታል»። የቀረው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል፤ ኮምፕረሰሩ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲቃጠል ጥፋቱ በመብራት ይሳበባል።

በአዲስ አበባ ፓምፕ የሚጠቀመውም ሰው ቢሆን በጌጁ ሊታለል ይችላል። በባሕር ዳርቻ ሙሉ ቫኪዩም ሲሆን የተለመደው ጌጅ 30 ኢንች ያህል ያሳያል። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ፓምፑ የቱንም ያህል ቢሠራ መርፌው ከ23 ኢንች ብዙም አያልፍም። አንዱ ገጣሚ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው 23 ሲደርስ ጨርሻለሁ ብሎ ያቆመዋል፤ ገና ብዙ እርጥበት ውስጥ አለ። የሚታመነው ፍጹም ግፊትን በማይክሮን የሚለካው መሣሪያ ነው። ከ500 ማይክሮን በታች ወርዶ ፓምፑ ሲጠፋም እዚያው መርጋት አለበት። ይህን መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ገጣሚ የሚጠይቀው ተጨማሪ ክፍያ ሊከፈለው ይገባል።

ማስተካከያው

ማሽኑ ተሰቅሎ በረደ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በመልቲ ስፕሊት ላይ ደጋግሞ የሚፈጸመው ስህተት የአንዱ ክፍል ቱቦ ከሌላው ክፍል ገመድ ጋር ተቀያይሮ መታሰር ነው። ሳሎን ቅዝቃዜ ሲጠይቅ ጋዙ ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል፤ ሳሎኑ አይበርድም፣ መኝታ ቤቱ ሰው በሌለበት በረዶ ይሠራል። አራቱ በአንድ ጊዜ ሲበሩ ጉድለቱ አይታወቅም። ስለሆነም ርክክብ ሲደረግ አንድ ዞን ብቻ እየተከፈተ፣ ሌሎቹ ተዘግተው፣ በየተራ መፈተሽ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የአሠራር ግጭት ነው። ተራ መልቲ ስፕሊት በአንድ ጊዜ አንዱን ክፍል እያሞቀ ሌላውን ማቀዝቀዝ አይችልም። አንደኛው ዞን «ሙቀት» ብሎ ከጀመረ «ቅዝቃዜ» የጠየቀው መብራቱን እያብለጨለጨ ተራ ይጠብቃል። በኅዳር ወር ከቀትር በኋላ ሳሎኑ እያላበ ልጅ የተኛበት ክፍል ሲበርድ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሠራ ባለ ሦስት ቱቦ ቪአርኤፍ አለ፤ ዋጋው ግን ለሆቴልና ለቢሮ ሕንፃ እንጂ ለመኖሪያ ቤት አይቀመስም። ለቤት የሚሻለው ለሳሎኑ መጋረጃ ወይም የውጭ ጥላ አበጅቶ ማሽኑን በወቅቱ አንድ አሠራር ላይ መተው ነው።

ዲግሪውን በተመለከተ ለማቀዝቀዝ 25፣ ለማሞቅ 20 ላይ ቢደረግና በመካከሉ ያለው ክፍተት ቢከበር ማሽኑ ያርፋል። 18 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያበርደውም፤ ዘግይቶ እንዲያቆም ብቻ ያደርገዋል። ሙቀት ለኪው ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ወይም ከወጥ ቤት በር ትይዩ ከተሰቀለ የራሱን ሙቀት እንጂ የክፍሉን አይለካም። የሰዓት ፕሮግራሙም የቀኑን ዞንና የሌሊቱን ዞን ለይቶ መሞላት አለበት፤ ሪሞቱን ከፋብሪካ እንደመጣ መተው ለዞን የተከፈለውን ገንዘብ መሬት ላይ መጣል ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ዞኖች በራሳቸው እንዲነሱ ሆኖ ከተሞላ፣ ፍሪጁና ቦይለሩ በሚነሱበት ቅጽበት ኤሲውም ይነሳል፤ ብሬከሩ ይወርዳል። ከመብራቱ መመለስ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ የሚያዘገይና ቮልቴጅ ሲዋዥቅ የሚያቋርጥ መከላከያ በውጪው ማሽን መስመር ላይ መኖር አለበት። ከኮምፕረሰር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር መከላከያው ኢምንት ነው።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ለሚከራይ ሕንፃ የሚሠራ ባለሀብት ከዚህ ሁሉ በፊት መወሰን ያለበት ሌላ ነገር አለ። አራት አፓርታማ ያለው ሕንፃ በጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ቪአርኤፍ ቢገጥም የውጪው ማሽን የሚታሰረው በአከራዩ ቆጣሪ ነው። ተከራዮቹ ግን የየራሳቸው ቆጣሪ አላቸው። ኪራዩ ላይ ቁርጥ ክፍያ ከተጨመረ አንዱ መስኮት ከፍቶ 18 ላይ ያሠራል፣ ሌላው ወር ሙሉ ሳይከፍተው እኩል ይከፍላል፤ ክርክሩም በደላላው በኩል ተመልሶ አከራዩ ዘንድ ይመጣል። የየአፓርታማውን ድርሻ የሚያሰላ መቆጣጠሪያ አለ፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ መታዘዝ ግን አለበት። ለአነስተኛ ሕንፃ ቀላሉ ለየአፓርታማው የየራሱን መልቲ ስፕሊት ሰጥቶ በተከራዩ ቆጣሪ ላይ ማሰር ነው። የጣሪያ ቦታ ይፈጃል፤ ጠብ ግን ያስቀራል።

በእንግዳ ማረፊያ ቤት ቆጣሪው የባለቤቱ ስለሆነ ሪሞቱ ከ22 በታች እንዳይወርድ መቆለፍና በር ወይም መስኮት ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ማብሪያ ማስገባት ይቻላል። እንግዳ በሌለበት ክፍል የሚበርድ ኤሲ ከአልጋው ኪራይ ላይ የሚቀነስ ነው።

ገዢን ወክሎ የሚመጣ ደላላ «ሙሉ ኤሲ» የሚለውን ከመቀበሉ በፊት የሚጠይቃቸው ወረቀቶች ጥቂት ናቸው። የውጪው ማሽን ሰሌዳ ፎቶ ቮልቱን፣ ሄርዙን፣ የጋዙን ዓይነትና አቅሙን ያሳያል። የቱቦው መስመር ንድፍ ሚስማር የሚመታ አናጢ ነገ ቱቦውን እንዳይበሳው ይረዳል። የርክክብ ወረቀቱ ደግሞ ስንት ጋዝ እንደተጨመረና ቫኪዩሙ ስንት ማይክሮን እንደደረሰ ይመዘግባል። ሦስቱ የሌሉበት ቤት ላይ ኤሲው ዋጋ አስጨማሪ መሆኑ ቀርቶ የድርድር ነጥብ ይሆናል።